«ዋርፋሪን 1 ክኒን በቀን» ይቅር፦ ለሐኪሞች፣ ለላቦራቶሪዎች፣ ለፋርማሲዎችና ለጤና ተቋማት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ሜካኒካል (ሰው ሠራሽ) የልብ ቫልቭ ተገጥሞላቸው ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን ዕድሜ ልካቸውን የሚወስዱ ታካሚዎችን የመድኃኒት አጻጻፍና ክትትል ይመለከታል

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቻችን፣

ቫልቭ የተገጠመለት ታካሚ ከሆስፒታል ሲወጣ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ደጋግመን የምናነበው መስመር ይህ ነው፦ «ዋርፋሪን 1 ክኒን በቀን፤ ከወር በኋላ ይመለስ።» ክኒኑ የስንት ሚሊግራም እንደሆነ አይገልጽም። የታካሚው አይ.ኤን.አር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ከስንት እስከ ስንት መሆን እንዳለበት አልተጻፈም። የመጨረሻው ውጤት ስንት ነበር፣ በየትኛው ቀን ተለካ፣ ቀጣዩስ መቼ ነው ለሚሉትም መልስ የለውም። ታካሚው ይህንኑ ይዞ ወደ ሌላ የጤና ተቋም ይሄዳል፤ እዚያ የሚቀበለው ባለሙያም የጎደለውን በግምት ይሞላል። ከሳምንታት በኋላ ታካሚው ደም እየፈሰሰው ወይም ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ሲመጣ ካርዱ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አልወሰደም» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ግን ወስዷል። የታዘዘለትን አንብቦ የወሰደ ሰው ነው፤ የጎደለው ትእዛዙ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሁሉ ከእጁ የማይለይ አንድ ደብተር ይኑረው። ያዘዘው ሐኪም፣ የለካው ላቦራቶሪና ያደለው ፋርማሲ ሦስቱም በዚያው ደብተር ላይ ይጻፉ። መጠኑ ሁልጊዜ በሚሊግራም ይጻፍ። ማንም ሌላ መድኃኒት ከመጨመሩ ወይም ከማቆሙ በፊት ደብተሩን ይግለጥ። ምክንያቱን ከመድኃኒቱ ጠባይ ጀምረን እናስረዳ።

ዋርፋሪንን «ደም ማቅጠኛ» ማለት ለምደናል፤ ደሙን ግን አያቀጥነውም። ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ሲሠራ ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል፤ ዋርፋሪን ደግሞ ጉበቱ የተጠቀመበትን ቫይታሚን መልሶ እንዳያድሰው ይከለክለዋል። በዚህ ምክንያት ፋክተር 2፣ 7፣ 9 እና 10 የሚባሉት ፕሮቲኖች በሚገባ አይሠሩም። በደም ውስጥ አስቀድመው ያሉትን ግን መድኃኒቱ አይነካቸውም፤ እስኪያልቁ መጠበቅ ግድ ነው። ፋክተር 7 በ6 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ፋክተር 2 ግን በግማሽ ለመቀነስ 60 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን አይ.ኤን.አር ከፍ ብሎ ሲታይ በዋናነት የጎደለው ፋክተር 7 ነው፤ ታካሚው ገና ከመርጋት አልተጠበቀም። በመርፌ የሚሰጠውንና ቶሎ የሚሠራውን የደም መርጋት መከላከያ፣ ሄፓሪንን፣ በዚያ ቀን «ውጤቱ ደርሷል» ብሎ ማቋረጥ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። እግሩ ወይም ሳንባው ውስጥ ደም ለረጋበት ሰው ሄፓሪኑ ቢያንስ 5 ቀን ከዋርፋሪን ጋር ተደርቦ ይሰጣል፤ አይ.ኤን.አር 2 ከደረሰ በኋላም ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይወርድ መቆየቱ ይረጋገጣል።

ከዚሁ ጠባይ የሚመጣ ሌላ ወጥመድ አለ። ዛሬ ማታ የተወሰደ መጠን ነገ ጠዋት በሚወሰድ ደም ላይ አይታይም። ለውጡ ብቅ የሚለው ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ እስኪታይ ሳምንት ገደማ ያልፋል። ሰኞ 1.7 አይቶ መጠን የጨመረ ሐኪም ማክሰኞ 1.8 አይቶ እንደገና ቢጨምር፣ ረቡዕም እንዲሁ ቢያደርግ፣ ቅዳሜና እሑድ ታካሚው ድዱ እየደማ ይመጣል። ደብተሩ ላይ ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደለወጠ ከተጻፈ ተረኛው ሐኪም የትናንቱ ጭማሪ ገና መንገድ ላይ መሆኑን ያያል፤ እጁንም ይሰበስባል።

አሁን ስለ «1 ክኒን»። ዋርፋሪን በ1፣ በ2፣ በ2.5፣ በ3፣ በ5 ሚሊግራምና በሌሎችም ጥንካሬዎች ይመረታል። አምራቾች በቀለም ይለዩታል፤ ቀለሙ ግን በሁሉም አገር አንድ አይደለም። በአሜሪካ ሮዝ ክኒን 1 ሚሊግራም ነው፤ በእንግሊዝ ሮዝ ክኒን 5 ሚሊግራም ነው። ሰማያዊው በአሜሪካ 4፣ በእንግሊዝ 3 ሚሊግራም ነው። ከሌላ አገር የመጣለትን ክኒን «ያው ሮዙ ነው» ብሎ የሚውጥ ሰው መጠኑን ሳያውቀው 5 እጥፍ ያደርገዋል፤ ወይም ወደ አንድ አምስተኛ ያወርደዋል። የመጀመሪያው ያደማል፤ ሁለተኛው ቫልቩ ላይ ደም ያረጋል። ቀለም ለታካሚው ማስታወሻ ይሁን እንጂ ማዘዣ አይሁን። ፋርማሲስቶች፣ የምታድሉት ጥንካሬ ካለፈው ወር የተለየ ከሆነ በቃል ተናገሩ፣ ካርቶኑ ላይ ጻፉ፣ ደብተሩ ላይም ጻፉ፤ ከዚያ ታካሚው «ዛሬ ማታ ስንት ክኒን ነው የምወስደው?» ለሚለው ራሱ እንዲመልስ አድርጉ። አሮጌው ፓኬት ቤት ከቀረ ሁለቱ ይደባለቃሉና እንዲያመጣው ንገሩት።

በተቻለ መጠን አንድ ታካሚ በአንድ ጥንካሬ ብቻ ይኑር። የ5 ሚሊግራም ክኒን በመሃሉ መስመር ካለው በክኒን መቁረጫ ለሁለት ይከፈላል፤ ሩብ ማዘዝ ግን ይቅርባችሁ። ሩብ ሲቆረጥ ይፈረካከሳል፤ አንዱ ሩብ ከሌላው ይበልጣል፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይችለውም።

የመጠን ለውጥ በሳምንት ድምር ይታሰብ። ታካሚው በየቀኑ 5 ሚሊግራም ከወሰደ ሳምንታዊው 35 ሚሊግራም ነው። አይ.ኤን.አር ከወሰኑ በመጠኑ ሲወጣ የሚደረገው ለውጥ በአብዛኛው ከሳምንታዊው ድምር ከ5 እስከ 20 በመቶ ነው። በሳምንት አንድ ቀን 2.5 ቢደረግ ድምሩ 32.5 ይሆናል፤ ቅናሹ 7 በመቶ ነው። ሁለት ቀን 2.5 ቢሆን ድምሩ 30፣ ቅናሹም 14 በመቶ ይሆናል። ይህን ደብተሩ ላይ ስትጽፉ «ሰኞና ዓርብ 2.5 ሚሊግራም (ግማሽ ክኒን)፣ በሌሎቹ ቀናት 5 ሚሊግራም (1 ክኒን)» ብላችሁ ቀኖቹን በስም ጥሩ። «አንድ ቀን ዘለል» የሚለውን ትእዛዝ ግን ተዉት፤ ሳምንት 7 ቀን ስለሆነ ተራው በየሳምንቱ ይገለባበጣል፤ ትናንት የትኛውን እንደወሰደ የሚያስታውስም ጥቂት ነው። አይ.ኤን.አር ለወራት ተረጋግቶ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ በ0.5 ያህል ቢዛነፍ ደግሞ መጠኑን ሳትነኩ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ድገሙት። በየውጤቱ ትንሽ ትንሽ መነካካት ራሱ የሚፈጥረው መዋዠቅ አለ።

የሚፈለገው ወሰን ከታካሚ ታካሚ ይለያያል፤ ስለዚህ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ። ለአብዛኞቹ የደም ቧንቧ መርጋትና የልብ ምት መዛባት ታካሚዎች ከ2 እስከ 3 ነው። ሚትራል በሚባለው ቦታ ላይ ሜካኒካል ቫልቭ ላለው ሰው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ 3.3 ያየበትን የሚትራል ታካሚ «ከፍ ብሏል» ብሎ ይቀንስበታል። ታካሚው ያለበት ትክክለኛ ቦታ ላይ ነበር።

የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ከእናንተ የሚወጣው አንድ ቁጥር ያንኑ ቀን ማታ ወደ ሚሊግራም ይለወጣል። ስለዚህ ከቱቦው እንጀምር። ሰማያዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ያለው 3.2 በመቶ ሶዲየም ሲትሬት ለ9 እጅ ደም 1 እጅ ሆኖ የተለካ ነው። ቱቦው እስከ ምልክቱ ካልሞላ ሲትሬቱ ለደሙ ይበዛበታል፤ የተረፈው ሲትሬት ለምርመራው የሚጨመረውን ካልሲየም ይይዘዋል፤ ደሙም ለመርጋት ይዘገያል። ውጤቱ 3.8 ይላል፤ ታካሚው ግን 2.8 ሊሆን ይችላል። ዶዙ ይቀነስለታል፤ ከ2 ሳምንት በኋላ ቫልቩ ይታፈናል። ጎደሎ ቱቦ አትቀበሉ። ቱቦው እንደተሞላ ቀስ ተብሎ 3 ወይም 4 ጊዜ ይገልበጥ፤ አትነቅንቁት። ትንሽ የረጋ ደም ከታየበት ይጣል። ሄፓሪን በሚገባበት መስመር የተቀዳ ደምም ለዚህ ምርመራ አይሆንም።

ከዚያ ስሌቱ አለ። አይ.ኤን.አር የሚገኘው የታካሚው የመርጋት ጊዜ ለጤነኞች አማካይ ጊዜ ተካፍሎ፣ ድርሻው በሪኤጀንቱ (ደሙን ለማርጋት በሚጨመረው የምርመራ ፈሳሽ) የትብነት ቁጥር ልክ ኃይል ሲነሣ ነው። ይህ አይ.ኤስ.አይ የሚባለው ቁጥር በየሪኤጀንቱ ሳጥን ላይ ይጻፋል፤ ከባች ወደ ባችም ይለያያል። የታካሚው ጊዜ 30 ሰከንድ፣ የጤነኞች አማካይ 12 ሰከንድ ቢሆን ድርሻው 2.5 ነው። አይ.ኤስ.አይ 1.0 ከሆነ አይ.ኤን.አር 2.5 ነው፤ 1.4 ከሆነ ግን 3.6 ይሆናል። ደሙ ያው፣ ሰከንዱ ያው። አዲስ ሳጥን ተከፍቶ ማሽኑ ውስጥ የአሮጌው ቁጥር ከቀረ በዚያ ሳምንት የተለኩ ታካሚዎች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይዛባሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ የተረጋጉ ታካሚዎች በአንድነት ከፍ ወይም ዝቅ ሲሉ ካያችሁ፣ ሐኪሞችም ይህን ስታዩ፣ ታካሚዎቹን ከመጠየቃችሁ በፊት ሪኤጀንቱን ጠይቁ። የሰከንድ ውጤት ብቻ ጽፎ መላክም ይቅር፤ በተለያዩ ላቦራቶሪዎች የተገኘ ሰከንድ እርስ በርሱ አይነጻጸርም።

ከጣት በሚወሰድ ጠብታ የሚለኩት ትንንሽ መሣሪያዎች ብዙ መንገድ ያስቀራሉና ደግፈናቸዋል። ወሰናቸው ግን ይታወቅ፦ ውጤቱ 5 ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ ትክክለኛነታቸው ስለሚቀንስ ከደም ሥር በተወሰደ ደም ይረጋገጥ፤ ከባድ የደም ማነስ ያለበት ሰው ላይም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ጣቱ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፤ ጠብታው ተጨምቆ ሳይሆን በራሱ ይውጣ።

የሚከተለው ክፍል የልብ ሐኪም ላልሆናችሁት ነው፤ የምናዝንባቸው ብዙዎቹ መድማቶች የሚጀምሩት ከእናንተ ክፍል ነውና። አንድ ሰው ተቅማጥ ይዞት ይመጣና ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝለታል። ሌላው ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ኮትሪሞክሳዞል ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሌላው ለፈንገስ ፍሉኮናዞል፣ ሌላው ለሳል ክላሪትሮማይሲን ይታዘዝለታል። ሁሉም አይ.ኤን.አርን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞልና ፍሉኮናዞል በተለይ ይበረታሉ። ሌላ አማራጭ ካለ ያው ይመረጥ። ከሌለ መድኃኒቱን መከልከል የለባችሁም፤ ከተጀመረ በ3 እና በ5 ቀን መካከል አይ.ኤን.አር ይለካ፣ ካለቀ ከሳምንት በኋላም ይደገም። በዚያ ላይ ተቅማጡ፣ ትኩሳቱና ምግብ አለመብላቱ ራሳቸው አይ.ኤን.አርን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ የታመመ ታካሚ ከመድኃኒቱም ከበሽታውም በሁለት በኩል ይገፋል። የልብ ድካሙ ብሶ ጉበቱ ያበጠ ሰውም እንዲሁ ነው።

አሚዮዳሮን ተንኮለኛ ነው። ውጤቱ ቀስ ብሎ በሳምንታት ውስጥ ይገነባል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ልኬት ደህና መሆኑ ያዘናጋል። የዋርፋሪኑን መጠን ከሲሶ እስከ ግማሽ መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላልና ለ6 ሳምንትና ከዚያ በላይ በየሳምንቱ ይለካ። ከቆመ በኋላም በሰውነት ውስጥ ለወራት ይቆያል።

ወደ ታች የሚጎትቱትም አሉ፦ ሪፋምፒሲን፣ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታል። ከሁሉ የሚከብደው ሪፋምፒሲን ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረ የቫልቭ ታካሚ የዋርፋሪን መጠኑ ወደ 2 እና 3 እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ይህም በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይመጣል። የነቀርሳ ክፍሉ መጀመሩን ሳይነግረን ሲቀር ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ከዚህ የሚብሰው ግን መጨረሻው ነው። ከወራት በኋላ ሪፋምፒሲን ያልቃል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል፤ ታካሚው ግን የ3 እጥፍ ዋርፋሪኑን መውሰዱን ይቀጥላል። ጉበቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል፤ አይ.ኤን.አር ያለማስጠንቀቂያ ይወጣል። የነቀርሳ ክፍል ባልደረቦች፣ ሕክምናው የሚያልቅበትን ቀን ገና ሲጀመር ደብተሩ ላይ ጻፉልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድ ወር በየሳምንቱ እንለካለን፤ መጠኑንም እየቀነስን እናወርዳለን።

ለሕመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከዋርፋሪን ጋር አይሄዱም። አይ.ኤን.አር ባይለወጥም የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላሉ፣ መድማትን ለማቆም የሚረዱትን የፕሌትሌት ሕዋሳት ሥራም ያውካሉ፤ ስለዚህ «አይ.ኤን.አሩ ደህና ነው» ማለት መተማመኛ አይሆንም። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም በቀን ከ2 ግራም በላይ ለተከታታይ ቀናት ሲወሰድ አይ.ኤን.አርን ከፍ ያደርጋል። ትራማዶልም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። አስፕሪን በልብ ሐኪሙ ታዞ ከሆነ በደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ እንደማይወሰድ ይቆጠር።

አይ.ኤን.አር በጣም ከፍ ብሎ ነገር ግን መድማት ሳይኖር ሲገኝ የሚደረገው ነገር ብዙ ጊዜ ከሚገባው ያልፋል። ከ4.5 እስከ 10 ባለው ውስጥ ሆኖ ካልደማ 1 ወይም 2 ዶዝ ማለፍ፣ በ24 ወይም 48 ሰዓት ውስጥ መድገምና ምክንያቱን መፈለግ በአብዛኛው ይበቃል፤ ቫይታሚን ኬ እንደ ልማድ አይሰጥም። ከ10 ሲያልፍ በአፍ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊግራም ቫይታሚን ኬ ይሰጣል። ሜካኒካል ቫልቭ ላለውና ለማይደማ ሰው 10 ሚሊግራም በደም ሥር መስጠት ለብዙ ቀናት ዋርፋሪን እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ቁጥሩ ያምራል፣ ቫልቩ ግን ያለ መከላከያ ይቀራል። ሕይወት የሚያሰጋ መድማት ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ ይሰጣል፤ ከእሱም ጋር የደም አርጊ ፕሮቲኖች ክምችት፣ ካልተገኘም የቀዘቀዘ ፕላዝማ ይሰጣል፤ ቫልቭ አለው ተብሎ አይዘገይም።

የጥርስ ሐኪሞች ዋርፋሪንን «ለ5 ቀን አቁመህ ና» የሚሉት ለቀላል ነቀላ አስፈላጊ አይደለም። አይ.ኤን.አር በ24 ሰዓት ውስጥ ተለክቶ በወሰኑ ውስጥ ከሆነ ጥርሱ ይነቀላል፤ ጉድጓዱ በክር ይሰፋል፣ በጋዝ ይጫናል፣ 5 በመቶ ትራኔግዛሚክ አሲድ በቀን 4 ጊዜ ይጉመጠመጥበታል። ቫልቭ ላለው ሰው ከነቀላው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት 2 ግራም አሞክሲሲሊን እንዳይረሳ፤ የፔኒሲሊን አለርጂ ካለበት ሌላ ይመረጥለታል። ለትልቅ ቀዶ ሕክምና 5 ቀን አስቀድሞ ማቆም ያስፈልጋል፤ ዋርፋሪኑ በቆመባቸው ቀናት ታካሚው በሄፓሪን መሸፈን አለመሸፈኑን የልብ ሐኪሙ ይወስናል፤ የሚቆምበትና የሚጀመርበት ቀን ሁለቱም በጽሑፍ ይሰጣሉ። «ሲሻልህ ትጀምራለህ» የሚባል ነገር የለም።

በጉሮሮ ኢንፌክሽን ሳቢያ የሚመጣው የሪማቲክ ትኩሳት ልባቸውን እንደገና እንዳይጎዳ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚወጉ ታካሚዎች ደግሞ በዋርፋሪን ምክንያት መርፌያቸው በዝምታ ሲቋረጥ እናያለን። ውሳኔው የልብ ሐኪሙ ነው፤ ወይ መርፌው አይ.ኤን.አር በወሰኑ ውስጥ ሲሆን ተሰጥቶ ቦታው ለደቂቃዎች ይጫናል፣ ወይ በአፍ በሚወሰድ ይተካል። መሃል ላይ ያለ ምንም መከላከያ መቅረት ነው የማይሆነው።

መውለድ የምትችል ሴት ዋርፋሪን ሲታዘዝላት በዚያው ቀን ስለ እርግዝና ይነገራት፤ ከጋብቻ በኋላ ተብሎ አይቀጠር። መድኃኒቱ ከ6ኛው እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ድረስ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ አደጋው በቀን ከ5 ሚሊግራም በላይ ለምትወስድ ይጨምራል። የወር አበባዋ በጥቂት ቀን ሲዘገይ ወዲያው ትመርመር። በራሷ ግን ፈጽሞ አታቁም፤ በእርግዝና ደም ለመርጋት ይቀናዋል፣ የተዘጋ ቫልቭ ደግሞ እናትንም ልጅንም ይወስዳል። በዋርፋሪን መቀጠል፣ በሄፓሪን መተካት ወይም ማፈራረቅ ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው፤ በማናቸውም መንገድ ብትሄድ በ36ኛው ሳምንት ገደማ ከዋርፋሪን ወደ ሄፓሪን ትሸጋገራለች። ጡት ማጥባት ይቻላል። ይህን ሳይሰሙ ልጃቸውን ጡት የነፈጉ እናቶች አሉ።

ታካሚዎችና አስታማሚዎች፣ ለእናንተም አለን። መድኃኒቱን ማታ፣ በአንድ ሰዓት ውሰዱ፤ ቀን የተለካው ውጤት መጠኑን ቢለውጠው የዚያኑ ዕለት ዶዝ ማስተካከል ይቻላልና። ረስታችሁ በዚያው ቀን ካስታወሳችሁ ውሰዱ፤ ከነጋ በኋላ ከሆነ ተዉት፤ በምንም ምክንያት ደርባችሁ አትውሰዱ፤ የቀረውን ቀን ደብተሩ ላይ «አልተወሰደም» ብላችሁ ጻፉ። ሳትደብቁ ጻፉ። ያልተጻፈ የተረሳ ዶዝ ሐኪሙን ወደማያስፈልግ ጭማሪ ይወስደዋል። ጥቁር አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛበት «አትብሉ» ተብላችሁ ይሆናል፤ ትክክለኛው ምክር መጠኑን ከሳምንት ሳምንት ማቀራረብ ነው። ጨርሶ የተወ ሰው አንድ ቀን ጥቂት ሲበላ አይ.ኤን.አሩ ከሌላው ይልቅ ይዋዥቃል።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር፣ ሽንት ሲቀላ፣ ነስር 10 ደቂቃ ተጭኖ ካልቆመ፣ ጭንቅላት ከተመታ (ቁስል ባይታይም)፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ሲመጣ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ ወይም የቫልቩ የወትሮ ጠቅ ጠቅታ ደብዝዞ ትንፋሽ ሲያጥር ደግሞ የረጋ ደም ምልክት ነውና ያኔም ቶሎ ሂዱ፤ ደብተሩን ያዙ።

አንዳንዶች «የአይጥ መርዝ ነው» ሲባሉ ሰምተው ያቆማሉ። ታካሚ ሲጠይቃችሁ አትሸፋፍኑ። በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ የከብት ድርቆሽ የበሉ ላሞች ደም እየፈሰሳቸው ያልቁ ነበር፤ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ ምክንያቱን ለየው፤ ከዚያ የመነጨው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ዋለ፣ በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። የሚያጠፋውም የሚያድነውም አንድ ነገር ነው፤ የሚለየው መጠኑና ልኬቱ ነው። ይህን የተረዳ ታካሚ ከማቆም ይልቅ ለምርመራው ቀን ይጠነቀቃል።

የመጋዘንና የግዥ ኃላፊዎች፣ ዋርፋሪን ሲያልቅ «አዲሶቹን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒቶች ስጧቸው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሜካኒካል ቫልቭ ላለው ሰው አይሆንም። ዳቢጋትራን በእነዚህ ታካሚዎች ላይ ሲሞከር መርጋቱም መድማቱም በዝቶ ጥናቱ ሳያልቅ ቆሟል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በሪማቲክ የልብ በሽታ ምቱ የተዛባ ሰው ላይም እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ሪቫሮክሳባን ከዋርፋሪን ወገን መድኃኒቶች እንደሚያንስ አሳይቷል። ክምችቱ በታካሚ ቁጥርና በጥንካሬ ይቆጠር። የ1 ሚሊግራም ክኒን ሲያልቅ በ5 ሚሊግራሙ ሙሉና ግማሽ ክኒን የማይደረስባቸው ትንንሽ ማስተካከያዎች ይቆማሉና ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚሰፍረው ጥቂት ነው፦ ለምን እንደሚወስድ፣ የቫልቩ ዓይነትና ቦታ፣ የአይ.ኤን.አር ወሰኑ፣ በእጁ ያለው ክኒን ጥንካሬና ቀለም፣ አብረው የሚወሰዱ መድኃኒቶች ከነጀመሩበት ቀን። በቀጣዮቹ ገጾች በየመስመሩ ቀን፣ ውጤት፣ የሳምንቱ ሚሊግራም፣ ቀጣይ ቀጠሮና ፊርማ ይሁን። ሲጀመር በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ፣ ወሰኑ ውስጥ ሲገባ በየሳምንቱ፣ ሲረጋጋ በየ4 ሳምንቱ ይለካ። ዓርብ ከሰዓት ደም አትውሰዱ፤ ውጤቱ እስከ ሰኞ መሳቢያ ውስጥ ያድራል፣ 7 የሆነበት ታካሚም ሦስት ማታ ሙሉ መጠኑን ይወስዳል። ክሊኒካችሁ በዓርብ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደሙ ጠዋት ይወሰድ፣ ውጤቱ ታካሚው ከመሄዱ በፊት ይነበብ፤ ለቅዳሜና እሑድ የሚደወልበትን የተረኛ ስልክም በደብተሩ የጀርባ ሽፋን ላይ ጻፉለት።

ከአክብሮት ጋር፣
በደም ማቅጠኛ መድኃኒት ክትትል ላይ የምንሠራ ፋርማሲስቶችና ነርሶች